ስለሰነፈ ነው የቀረው፣ ወይስ ስለቀረ ነው የሰነፈው?



ባለፉት እትሞች ስለ ባንክ ሒሳብ፣ ስለ ኩፓት ሖሊምና ስለ ማሽካንታ ስንማማር ቆይተናል። በዛሬው ግን ከቤታችን ደጃፍ ሳንወጣ አንድ ነገር ብናነሣ ይሻላል ብዬ፣ ይኸውም ልጆቻችን ከትምህርት ቤት የሚቀሩበትን ምክንያት፣ ይህችን ጽሑፍ አቅርቤያለሁ። እኔ የምክር አዋቂ አይደለሁም። ሀገር ቤት ሳለሁ በጎንደር ገጠር አንደኛ ደረጃ ት/ቤት አስተምር ነበር፤ እዚህ ደግሞ ጧት ጧት ከእናንተው ጋር ኡልፓን የምቀመጥ ተማሪ ነኝ። የምጽፈውም በራሴ ቤት የደረሰውን ነው።

ነገሩ የታወቀኝ በወላጆች ቀን ነው፣ እነሱ ዮም ሆሪም በሚሉት። ልጄ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ነው፣ ሐቲቫት ቤናይም ገብቷል። ከፑሪም በኋላ ተጠርተን ሄድንና ከመሐኔኼቷ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ልጄ በመካከላችን አስተርጓሚ ሆኖ ተቀመጠ። እሷ አሥር ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ ተናገረች። ስታበቃ ልጄ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ደህና ነው፣ ትንሽ ይበርታ ነው የምትለው» አለኝ። አሥር ደቂቃ ሙሉ የተነገረ ነገር በአንድ እስትንፋስ ሲያልቅ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን «ቶዳ ራባ» ብዬ ተነሣሁ። አንዲት ቃል ብቻ ሦስት ጊዜ ስለሰማኋት በጆሮዬ ቀረች፤ ሞቲቫጽያ።

በማግሥቱ የኡልፓን መምህርታችንን ጠየቅኋት። ሰው ማንም ሳይገፋው ከውስጡ ተነሥቶ እንዲሠራ የሚያደርገው ፍላጎት ነው ብላ፣ ግማሹን በቃል ግማሹን በምልክት አስረዳችኝ። እንግዲህ «ኤን ሎ ሞቲቫጽያ» ማለት ይኸ ልጅ የመማር ፍላጎት የለውም ማለት ነው። በሳምንቱ ልጁን ቤት ትቼ፣ አስተርጓሚ ይዤ ተመለስኩ። መሐኔኼቷ ኮምፒዩተሯን ከፍታ የቀረባቸውን ቀኖች በወረቀት አትማ ሰጠችኝ። ትምህርት ከተጀመረበት ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ እስከ ፑሪም ድረስ ልጄ 23 ቀን ቀርቷል።

በየቀኑ ጧት ከእኔ ቀድሞ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል እኮ! ለካስ ሐሙስ ሐሙስ ቦርሳው የሚውለው ከስፖርት ሜዳው ጀርባ ነው። መምህሯም ተገረመች፤ «ማሾቭ ላይ በየቀኑ እንጽፋለን፣ ስልክህ ላይ ይደርስሃል» አለችኝ። ማሾቭ ማለት ት/ቤቶች ሒሱሪምን፣ ማለት የቀረበትን፣ ኢሑሪምን፣ ማለት ያረፈደበትን የሚመዘግቡበት ፕሮግራም ነው። እውነት ነው፣ ስልኬ ላይ አለ። የጫነልኝ ግን ልጄ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀውም እሱ ነው። በብዙዎቻችን ቤት እንዲህ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ያን ዕለት ማታ ምን እንዳልኩት አልደብቃችሁም። «ጠግበህ ነው! እኛ በባዶ እግራችን ወንዝ ተሻግረን፣ ቆሎ ቆርጥመን ተምረን…» ብዬ ጀመርኩ። ብዙዎቻችሁ ይህን ንግግር በቃላችሁ ትወጡታላችሁ። ልጁ አቀርቅሮ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። በነጋታው ሐሙስ ነበር፤ ቀረ።

ወረቀቱና ካላንደሩ

መምህር ሳለሁ ስም መጥሪያ ስይዝ የቀረውን ልጅ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት የማድረግ ልማድ ነበረኝ። ቁጣዬ በረድ ሲል ያቺን ወረቀት ይዤ ከግድግዳው ካላንደር ጋር አስተያየኋት። ቀጠሮዎቼን ሁሉ የምጽፈው እዚያ ላይ ነው።

ከ23ቱ ቀን ስድስቱ የእኔ ሆነው ተገኙ። ሁለቱን ቀን አስተርጉምልኝ ብዬ ቢቱዋሕ ለዑሚ ይዤው ሄጃለሁ። አንዱን ቀን ባንክ። አንዱን ቀን አያቱ ዓይኗን ልትታይ ስትሄድ አብሯት ልኬዋለሁ። ሁለቱን ቀን ደግሞ ለዘመድ ለቅሶ አሽቄሎን ወርደን ሰንብተናል። አራቱን ቀን በእርግጥ ታሞ ነበር። እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ያለው ይኸው አሥር ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት 13 ቀኖች ግን ሌላ መልክ አላቸው፤ ሁሉም ማክሰኞና ሐሙስ ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ሁለት ሁለት ሰዓት ተከታታይ ሒሳብ አለ።

ይህን ሳይ ራሴን ያዝኩ። መምህሯ ፍላጎት ስለሌለው ይቀራል ትላለች፤ እኔም ጠግቦ ነው እላለሁ፤ ሁለታችንም የምናወራው ስለ 13ቱ ቀን ነው። ከ13ቱ በፊት የነበሩትን አሥር ቀኖች ማንም አልጠየቀም። እነዚያን ጊዜ ልጁ ፍላጎት ነበረው፤ ትምህርት ቤት አይቅርብኝ ብሎ አንድ ቀን አኩርፎብኝም ነበር። ባንኩን የሄድን ዕለት ነው።

በአንድ ሻባት ከሰዓት በኋላ፣ ሳልቆጣ፣ «ሒሳብ ላይ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። መጀመሪያ እንደ ልማዱ «ሎ ባ ሊ» አለ፤ ደስ አይለኝም እንደ ማለት ነው። ዝም ብዬ ጠበቅሁት። ቆይቶ፣ «አባ፣ ባንክ የሄድን ቀን ኔዔላም ጀመሩ» አለኝ። ኔዔላም ማለት በሒሳብ የማይታወቀው ቁጥር፣ ያ ኤክስ የምንለው ነው። ቃሉ በተራ ዕብራይስጥ የጠፋ፣ የተሰወረ ማለትም ነው። ልጄ የተሰወረውን ቁጥር ሲያስተምሩ አልነበረም፤ በሚቀጥለው ቀን ሲመለስ ሌሎቹ ልጆች እየፈለጉ ያገኙታል፣ እሱ ግን ምን እንደሚፈልጉ እንኳ አላወቀም። ከዚያ ታመመ፣ ከዚያ ለቅሶ ሄድን። ሲመለስ ነገሩ ሁሉ ከኔዔላም ላይ የተሠራ ሆኖ አገኘው። እጁን አውጥቶ እንዳይጠይቅ፣ የሚጠይቀው ነገር ከሁለት ወር በፊት ያለፈ ነው። እንግዲህ በሳምንት አራት ሰዓት ባዳ ሆኖ ከመቀመጥ እሱም ተሰወረ።

ሀገር ቤት እንዲህ አልነበረም። ለአጨዳ ወይም ለገበያ ልጅን አንድ ሁለት ቀን ማስቀረት ነውር አልነበረም፤ እኔም መምህር ሆኜ ብዙ አልቆጣም ነበር። ምክንያቱም መምህሩ ኖቱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ የቀረው ልጅ ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል፣ አበቃ። እዚህ ግን ደብተር ውስጥ ያለው ከትምህርቱ ጥቂቱ ነው። መምህሩ ይጠይቃል፣ ልጆቹ ይጯጯሃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ከዚያ መካከል ነው ትምህርቱ የሚወጣው። እሱን ከማን ደብተር ትገለብጠዋለህ? እኛ ልጆቻችንን ስናስቀር የምናስበው በሀገር ቤቱ ሚዛን ነው፤ የሚከፍሉት ግን በዚህኛው ነው።

ሌላም ስሌት አለ። በሳምንት ስድስት ቀን በሚማሩበት ት/ቤት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚቀር ልጅ፣ ከሰባተኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ አልተማረም ማለት ነው። ሒሳብ ላይ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ደግሞ ዝቅ ባለው ሀክባጻ ይመደባል። የሒሳብ ባግሩት በ3፣ በ4 ወይም በ5 ዬሒዶት የሚፈተኑት ነው፤ ከዝቅተኛው ሀክባጻ ተነሥቶ 5 ዬሒዶት የሚደርስ ልጅ ጥቂት ነው። ያች የባንክ ቀን ወዴት እንደምትሄድ አያችሁ?

ፍላጎት ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የጻፉ ሁለት አሜሪካውያን አሉ፤ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት መጽሐፍና ከዚያም በኋላ ባሳተሟቸው ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ የሰው ፍላጎት በሦስት ነገር ይመገባል። አንደኛው እችላለሁ ብሎ ማመን ነው። ሁለተኛው እዚያ ቦታ የሚያውቀኝና የሚፈልገኝ ሰው አለ ማለት ነው። ሦስተኛው በራሱ ጉዳይ ላይ ጥቂትም ቢሆን የሚወስነው ነገር መኖሩ ነው። እነዚህ ከሌሉ ልጁን ብትገርፈውም ብትለምነውም ገላው ይሄዳል እንጂ ልቡ አይሄድም።

ይህን ሳነብ የልጄን ነገር አስተያየሁት። እችላለሁ ማለቱ ከኔዔላም ጋር ጠፍቷል። የሚያውቀው ሰውስ? መምህሯ ክፉ ሰው አይደለችም። ግን አንድ ነገር አላወቀችም። ልጆቻችንን ያሳደግናቸው በትልቅ ሰው ፊት ዓይናቸውን ሰበር እንዲያደርጉ፣ ካልተጠየቁ እንዳይናገሩ ነው፤ ጨዋ ልጅ ማለት ይኸ ነውና። እዚህ ት/ቤት ግን ዓይኑን የሰበረና ዝም ያለ ልጅ ትምህርቱ ግድ የማይሰጠው ተደርጎ ይታያል። እዚህ ልጆቹ መምህሯን በስሟ ይጠሯታል፣ ሳይፈቀድላቸው ያቋርጧታል፣ እሷም ይህን ሞቲቫጽያ ትለዋለች። እኛ ባለጌ የምንለው ነው! ልጄ ለእኔ ጨዋ ሆኖ በእሷ ዘንድ ፍላጎት የለሽ ሆነ። በአስተርጓሚ በኩል ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና በወረቀቷ ላይ ጻፈችው። እኔም በበኩሌ ልጄን፣ «ስታናግርህ ዓይኗን እየው፣ እኔ አልቆጣህም» አልኩት። ይህን ማለት ቀላል አልነበረም።

የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ያሳስታል። ልጆቻችን በስድስት ወር ዕብራይስጡን ሜዳ ላይ ያንበለብሉታል፤ እኛም እንኮራለን፣ ይዘናቸውም ቢሮ ለቢሮ እንዞራለን። ጂም ከሚንስ የሚባል የካናዳ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1981 በቶሮንቶ ስደተኛ ተማሪዎች ላይ ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ የመነጋገሪያው ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ሲያዝ፣ የመማሪያው፣ ማለት መጽሐፉና ፈተናው የተጻፉበት ቋንቋ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ልጁ ሲናገር የሰማ መምህር ቋንቋውን ይችላል ብሎ ያስባል፤ ፈተናው ላይ ሲወድቅ ደግሞ ያው ፍላጎት የለውም ይባላል። መካከሉን ማንም አያይም። አልፎ አልፎ ደግሞ አዲስ የመጡትን ልጆች ለብቻ ዕብራይስጥ ለማስተማር ከክፍል ያወጧቸዋል። ደግ ነው፤ ግን ከየትኛው ትምህርት ላይ እንደሚያወጧቸው ጠይቁ። ከሒሳብ ላይ ከሆነ ልጁ ት/ቤት ውስጥ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው።

በዕብራይስጥ ነሺራ ስሙያ የሚሉት ነገር አለ፤ የተሸሸገ ማቋረጥ እንደ ማለት ነው። ልጁ ስሙ በመዝገብ አለ፣ ወንበሩም ላይ ተቀምጧል፣ ግን ከመማር ካቆመ ቆይቷል። የእኔ ልጅ ቢያንስ በግልጽ ነው የቀረ። መምህራን በዝምታው የሚያመሰግኑት፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ማንንም የማይረብሽ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ግን፣ የምትጠረጥሩት ነገር ይኑራችሁ።

ስለ ሽልማት አንድ ነገር ልጨምር፤ ጎረቤቶቼ ሲያደርጉ አይቻለሁና። «አንድ ወር ሳትቀር ከተማርክ ስልክ እገዛልሃለሁ» የሚል ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐርና ጓደኞቹ ስዕል መሳል በሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ለአንደኛው ክፍል «ከሳላችሁ ሽልማት ታገኛላችሁ» ብለው ቃል ገቡ፤ ሰጧቸውም። ከሳምንትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም ሳያዛቸው ሲታዩ፣ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ምንም ካልተባሉት ልጆች ግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ነው የሳሉት። በፊት ሲወዱት የነበረውን እንደ ሥራ ቆጠሩት። ሽልማት ፈጽሞ አይሰጥ አልልም፤ በስልክ ተስፋ ኤክስን ያገኘ ልጅ ግን አላየሁም።

ስለ ሕጉ ባጭሩ

የግዴታ ትምህርት ሕግ በእስራኤል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ዛሬ ግዴታው ከ3 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ነው፤ እስከ 12ኛ የተራዘመው እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ማሻሻያ ነው። ሕጉ ልጁን ማስመዝገብ ብቻ ሳይሆን ዘወትር መገኘቱንም በወላጅ ላይ ይጥላል። ይህን የሚከታተል የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ አለ፤ ቃጺን ቢኩር ሳዲር ይባላል፣ በአጭሩ ካባስ። ቃጺን ማለት መኮንን ስለሆነ፣ ካባስ ሊመጣ ነው ሲባል ከመርከዛችን ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ። ፖሊስ አይደለም፣ ክፈቱለት። ሥራው ልጁ ለምን እንደቀረ አጣርቶ ወደ ትምህርቱ መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተማሪዎች መብት ሕግ ደግሞ ት/ቤት አንድን ተማሪ ለዘለቄታው ከማባረሩ በፊት ልጁንና ወላጆቹን መስማት እንዳለበት ይደነግጋል። እንዲሁ በስልክ «ነገ እንዳይመጣ» ቢሏችሁ፣ ንግግራችን ይሰማ የማለት መብት አላችሁ።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የመጡት ወገኖቻችን ልጆች፣ ጎረምሶቹ አብዛኞቹ፣ በዓሊያት ሀኖዓር በኩል ፕኒሚያ ነበር የሚገቡት። ያኔ ጧት የሚቀሰቅሳቸው መድሪኹ ነበር፤ ወላጅ ቢያውቅም ባያውቅም ነገሩ ከእጁ ውጭ ነበር። የኔ ልጅ ግን ከቤቴ እየወጣ ይመለሳል፤ የመቀስቀሱም፣ የመጠየቁም፣ የማስቀረቱም ነገር የኔ ሆኗል።

ወንፈል

ወረቀቱን ለአንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን አሳየኋቸው። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ያነበብኩላቸውን ሰምተው ግን፣ «የልጅህን ስድስት ቀን በወንፈል ወስደሃል። በወንፈል የወሰደ ይመልሳል እንጂ ባለ ዕዳውን ይቆጣል?» አሉኝ። በሬና ጉልበት ተበዳድረን ስናርስ የኖርን ሰዎች ነንና ነገሩ ገባኝ።

ስለዚህ ስድስት ማታ መለስኩለት። ከእራት በኋላ ቴሌቪዥን ተዘጋ፣ የእኔም ስልክ ተዘጋ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። ዕብራይስጤ ለሒሳብ አይበቃም፤ ስለዚህ በአማርኛ አስተማርኩት። «በአማርኛ ብታስተምሩት ግራ ይጋባል» የሚሉ አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ኤክስን መፈለግ በአንድ ቋንቋ የገባው ልጅ በሌላው ቋንቋ የሚጎድለው ስሙ ብቻ ነው፤ ከሚንስም የሚለው ይህንኑ ነው። ሚዛን ሣልኩለት። በአንድ ወገን ሦስት ኪሎ ጤፍና አንድ የታሰረ ከረጢት፣ በሌላው ወገን አሥር ኪሎ ጤፍ። ሚዛኑ እኩል ነው። ከረጢቱ ውስጥ ስንት ኪሎ አለ? ሳቀብኝ፤ «ሰባት ነዋ!» አለ። ኔዔላም ማለት ያ ከረጢት ነው አልኩት። በሦስተኛው ማታ እሱ እኔን በዕብራይስጥ ያስተምረኝ ጀመር።

ሒሳብ ያልተማራችሁ ወላጆች «እኛስ?» ትሉ ይሆናል። ከሸሩት ለዑሚ ልጃገረዶች ወይም ከመርከዙ የቤት ሥራ ረዳቶች አንዷን ያዙ፤ አጠቃላይ እርዳታ ሳይሆን የጎደለውን ትምህርት ለይታችሁ ንገሯት። ደግሞም ምንም ሳያውቁ አጠገቡ መቀመጥ ብቻ ይረዳል። ባለቤቴ አራት ቁጥር ደምራ አታውቅም፤ ግን ልጁ የተማረውን በአማርኛ እንዲነግራት ታደርገዋለች፣ ሳይገባው የቀረውን ቦታ ከእኔ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት፤ እዚያ ላይ ሲደርስ ቶሎ ቶሎ ያወራል አለችኝ።

ሁለቱን ቀን በአንድ ጊዜ ተመለስ አላልኩትም። «ከማክሰኞና ከሐሙስ የቱን ታስቀድማለህ?» አልኩት። ማክሰኞን መረጠ፤ ሐሙስ አጭር ፈተና ስላለ ነው። እሺ አልኩት። ይህን ስል መምህርነቴ ታገለኝ፤ ተማሪ የሚመርጠው ምን ነገር አለ ይላል። መሐኔኼቷን ደግሞ ከኳስ ጓደኛው አጠገብ እንድታስቀምጠው ጠየቅኋት፤ አስቀመጠችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሙስም ገባ። ፈተናው ላይ 54 አገኘ። ሀገር ቤት ቢሆን «ስንተኛ ወጣህ?» ብዬ እጠይቅ ነበር፤ እዚህ ደረጃ የሚባል የለም፤ እኔም 54ቱን አይቼ ዝም ብዬ ኔዔላም ያለባቸውን ጥያቄዎች ፈለግሁ። ከአምስቱ አራቱን አግኝቷቸዋል።

ከዚያ ወዲህ እስከ ሻቩዖት ሁለት ቀን ቀርቷል። አንዱን ታሞ ነው። ሌላውን ስጠይቀው «ሎ ባ ሊ» አለኝ፤ ምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረኝም። ከእኔ በኩል አንድም ቀን የለም። ቢቱዋሕ ለዑሚ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለቱን ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ይዤ፣ አንዱን ከኡልፓን ጓደኛዬ ጋር እየተጋገዝን። ለሁለት ሰው ግማሽ ግማሽ ዕብራይስጥ አንድ ሙሉ ይሆናል። ለቅሶም ነበረብን፤ ባለቤቴ ሄደች፣ እኔ ከልጆቹ ጋር ቀረሁ። ዘመድ ተቀይሞኛል። ይኸም ዕዳ ነው፣ እሱን ደግሞ በክረምቱ ዕረፍት ሄጄ እመልሳለሁ።

የዛሬው የቋንቋ ትምህርት

ት/ቤት ስትሄዱ ወይም ስትደውሉ የሚያስፈልጓችሁ ዐረፍተ ነገሮች እነዚህ ናቸው። ጮክ ብላችሁ ተለማመዷቸው፤ ልጆቻችሁ ቢስቁባችሁ ያርሟችሁ።

«ሀቤን ሼሊ ሖሌ፣ ሁ ሎ ያቮ ሀዮም።» ልጄ ታሟል፣ ዛሬ አይመጣም። ለሴት ልጅ ሲሆን፣ «ሀባት ሼሊ ሖላ፣ ሂ ሎ ታቮ ሀዮም።» ይህን የምንለው በእውነት ሲታመሙ ብቻ ነው። ቢሮ ይዘናቸው ስንሄድ ታሟል እያልን ስንደውል ልጁ አጠገባችን ቆሞ ይሰማል፤ ወረቀት መፈረም ሲማር ከማን እንደተማረ አትጠይቁት።

«ካማ ሒሱሪም ዬሽ ሎ?» ስንት ቀን ቀርቷል? ለሴት ልጅ «ላ» በሉ። ከዚያም ቀኖቹን አትመው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ቁጥሩ ብቻ ምንም አይነግራችሁም።

«ማ ላምዱ ክሼሁ ሎ ሀያ?» እሱ ባልነበረበት ጊዜ ምን ተማሩ?

«ብኤይዜ ሺዑር ሁ ሎ ሜቪን?» በየትኛው ትምህርት ነው የማይገባው? ለሴት ልጅ፣ «ሂ ሎ ሜቪና»።

«አኒ ጻሪኽ መቱርገማን።» አስተርጓሚ ያስፈልገኛል። ሴት ስትናገር፣ «አኒ ጽሪኻ መቱርገማን።» ይህን ለመዝኪሩት ከወላጆች ቀን ጥቂት ቀናት ቀደም ብላችሁ ንገሩ፤ በዕለቱ ብትሉት አይገኝም፣ ያው ልጁ ያስተረጉማል። ስትጠይቁም አማርኛ ወይም ትግርኛ መሆኑን ጨምራችሁ ተናገሩ። ባለፈው ለአንዲት ትግርኛ ተናጋሪ እናት የአማርኛ አስተርጓሚ መጥቶላት፣ ሦስቱም ተያይተው ሻይ ጠጥተው ተለያይተዋል።